አደንጓሬ በበዓለ ሃምሳ

ጸደንያ ቁጣዋ ቶሎ የሚነድ፣ ከነደደ ደግሞ በቀላሉ የማይጠፋ ልጅ ነበረች። እናቷ ኩዌት ስትሄድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አባቷን ከዚያ በፊት አፈር በልቶታል። እናቱ ትታው የሄደች ልጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይቆጣል። ጸደንያ አላለቀሰችም። አያቷ እቴቴ ይህን እያየች «ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። ይህን ቁጣ ከእኔ ነው የወረሰችው» እያለች ስንት ዘመን ተጨነቀች።

ከዚህች ልጅ ጋር ፍቅር የሚይዘው ሰው እንግዲህ ልበ ሙሉ መሆን አለበት። ወይም የእሳት ሥራ የለመደ።

ምንይችል የእሳት ሥራ የለመደ ነበር። ካርቱም ላይ የአንድ ሽማግሌ ግሪክ ምግብ ቤት ውስጥ ከሳህን አጣቢነት ተነሥቶ ዋና አብሳይ እስከመሆን ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ሁሉን ጥሎ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። ይዞት የመጣው እጁ ላይ ያለውን ሙያ ብቻ ነው። መካነ ሰላም ላይ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አንድ ቤት ተከራየ፤ ከጡብና ከጭቃ ምድጃ ሠራ፤ ከበሩ በላይ በሰማያዊ ቀለም «የግሪክ ምግብ ቤት» ብሎ ጻፈ። ከተማው ሳቀበት።

«ግሪክ የት ነው ያለው?» ይላል አንዱ።

«ከከላላ ወዲያ ነው» ይላል ሌላው።

ከሳቁ በስተኋላ ግን ፍርሃት ነበረ። በዚያ ከተማ ሥጋ የሚሸጥበት በር ሁሉ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ ተስሎበታል። የተራበ እንግዳ ቀና ብሎ ምልክቱን ያያል፣ ያራጁን ሃይማኖት ያውቃል፣ ከዚያ ይገባል። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ይህ ጠብ አይደለም፤ ጎረቤትነት ነው፤ ሁሉም የሌላውን ማዕድ ያከብርለታል። የምንይችል በር ላይ ግን መስቀልም ጨረቃም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ሸሸው።

*

የጸደንያ የስፌት ቤት ከእሱ በር ፊት ለፊት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮት ገበር ስትገጥም ጥላ በሯን ሸፈነው።

«የጥጥ ክር አለሽ? ናይለን ያልተቀላቀለበት።»

«ለምን ዓይነት ጨርቅ?» አለች ከማሽኗ ቀና ሳትል።

«ለሥጋ።»

ማሽኗን አቆመች። «እዚህ ቀልድ አይሸጥም።»

«ቀልድ አይደለም። ሥጋ በወረቀት ጠቅልዬ አስሬ ምድጃ ውስጥ ልክተተው ነው። ናይለን ይቀልጣል።»

«ነጭ ነው ጥቁር?»

«ሁለቱንም።»

«እና የሠርግ ነው ወይስ የለቅሶ?»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ረጅም፣ የማያፍር፣ ቤቷን የሞላ ሳቅ ነበር። ጸደንያ ተናደደች። ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ ዋጋውን ተቀበለችና ፊቷን አዞረች። ከወጣ በኋላ ግን ገበሩን ገልብጣ እንደሰፋችው አየች። ፈትታ ደግማ ስትሰፋ የባሰ ተናደደች።

በማግስቱ ደግሞ መጣ። ክር አልፈለገም። «ትናንት ለምን ሁለት ዓይነት እንደገዛሁ መጥተሽ ካላየሽ ከቀልደኛ ትቆጥሪኛለሽ» አለና ለምሳ ጠራት።

ሄደች። ቀልደኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ምንይችል የሁለት ድስት ልጅ ነበር። አባቱ ሐጂ አሕመድኑር የከላላ ሰው ናቸው፤ ነፍሷን ይማርና እናቱ የሻለም ማተቧን ሳትበጥስ ነው ከእሳቸው ጋር ያረጀችው። ታላቁ ልጅ ሃሩን በአባቱ ሄደ። ታናሹ ሕፃን ሳለ ታሞ አልድን ሲል የሻለም ለማርያም ተሳለች፤ ሐጂም «ይዳን እንጂ፣ የማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል» ብለው ክርስትና እንዲነሣ ፈቀዱ። በዚያ ቤት ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ ነበረ፤ አንድም ቀን ጠብ አልነበረም። ምንይችል ምግብ ቤቱንም እንዲሁ አደረገው። አንዱን በግ ሃሩን ያርዳል፣ አንዱን እሱ ራሱ። ሥጋው በየፊናው ይሰቀላል፣ በየቢላዋው ይቆረጣል። ከድንች፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከጦስኝ ጋር ሆኖ በወረቀት ይጠቀለላል። የሃሩን በነጭ ክር ይታሰራል፤ የእሱ በጥቁር ክር፣ እንደ ማተብ።

«ምድጃዬ አንድ ናት» አላት። «ጀርባዋ ይፈጃል፣ አፏ ይቀዘቅዛል። ጥቅሎቹን በየጊዜው አገላብጣቸዋለሁ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሚለያቸው ያንቺ ክር ነው።»

ጥቁር ክር ያሰረውን ጥቅል ፊቷ አኖረና ክሩን በቢላዋ ጫፍ በጠሰው። እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ሥጋው ከአጥንቱ ራሱ ለቋል፤ ድንቹ ስቡን ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል።

«ግሪኮች የሌባ ጥብስ ይሉታል» አለ። «ድሮ በግ የሰረቁ ሽፍቶች ሽታው እንዳያጋልጣቸው አሽገው መሬት ውስጥ ያበስሉት ነበር አሉ።»

ጸደንያ በላች። ቀና ሳትል፣ አንድ ቃል ሳትናገር በላች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ምነው፣ ተቆጣሽ እኮ» አለ ምንይችል።

«ጣፈጠኝ።»

«ይሄ ያስቆጣል?»

«አዎ ያስቆጣል። ነገ የራሴን ሽሮ ምን ብዬ ልበላው ነው?»

ምንይችል በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ዝም ብሎ አያት፣ ብዙ አያት። ጸደንያ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆጣበት ነገር አጣች።

*

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሮቹ ፊት ለፊት ናቸው። እሷ ስትሰፋ እሱ ድንች እየላጠ ያያታል፤ እሱ እሳት ሲቆሰቁስ እሷ መርፌ እየሳተች ታየዋለች። አንዳንድ ቀን ደበርጃንና የተፈጨ ሥጋ ተደርቦ፣ ላዩ በወተት የተጋገረ ሙሳካ በሳህን ከድኖ ይልክላታል። ጾም ሲሆን ሩዝ የሞላው ቃሪያ ይልካል። ሳህኑን ስትመልስ ባዶውን አትመልስም፤ ወይ የተሰፋ ሽርጥ ወይ የእጅ መጥረጊያ ታደርግበታለች። ከተማው አየ። ከተማው ካየ እቴቴ ሰማች።

«የሐጂ አሕመድኑር ልጅ ነው አሉኝ።»

«ክርስቲያን ነው፣ እቴቴ።»

«ሃይማኖቱን አይደለም ያልሁሽ። ወጥ የሚሠራ ወንድ ነው አሉ። የሰው ወጥ የሚሠራ ወንድ ቤቱ ሲገባ ይደክመዋል፤ ያኔ አንቺን ማን ያበላሻል?»

እቴቴ የምትፈራው ግን ሌላ ነበር። ከኩዌት ስልክ ተደውሏል። የጸደንያ እናት ለልጇ ቪዛ አግኝታለች። «ወይ የሚረባ ሰው ጠይቋት ከክረምቱ በፊት ትታጭ፣ ወይ ትምጣልኝ። እዚያ ተቀምጣ ዚፕ ስትቀይር አታርጅብኝ» ብላለች። ያ ቤት አንዲት ሴት ልጅ ሸኝቷል፤ የተሸኘችው በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አልተመለሰችም። እቴቴ ሁለተኛ ሽኝት አትችልም። ስለዚህ ወጥ ሠሪም ቢሆን፣ የሐጂ ልጅም ቢሆን፣ ዳገቱን ወጥታ የምታየው አማች ይሻላታል ብላ ባሏን ቄስ ኃይለኢየሱስን መጎትጎት ጀመረች።

ቄስ ኃይለኢየሱስ በምግብ ቤት በልተው አያውቁም። «ዋጋ የተቆረጠለትን ማዕድ ምን ብዬ እባርካለሁ?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ግን፣ ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሺ አሉ።

«ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁን እጅ ልየው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። እጁ ጥሩ ከሆነ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ። ካልሆነ እናቷ እንዳለችው ትሁን።»

ምንይችል ይህን ሲሰማ አባቱንና ወንድሙንም ለዚያው ቀን ጠራ። ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በየማዕዱ፣ በየጥቅሉ ይበላል። እናቱ ብትኖር እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ቅዳሜ ዕለት ክር ሊገዛ መጣ። የደሴ መንገድ ተዘግቶ ስለሰነበተ ጸደንያ ድሮ የምትሸጥለት ጥቁር ክር አልቆባት፣ አንድ አዟሪ ያመጣውን ሌላ ክር ነበር የያዘችው። በዚያ ላይ ነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ጥልፍ እየጨረሰች ነበር።

«ይሄ እንደ በፊቱ ነው?» አለ ምንይችል ክሩን በጣቶቹ መሃል እያሻሸ። «ቀጠን አለብኝ።»

«ያው ነው። ጥቁር ጥቁር ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ሂድ አሁን፣ ቀሚሱን እንዳታይብኝ።»

*

እሑድ ቄስ ኃይለኢየሱስ አዲሱን ኩታቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ወጡ። ያን ሁሉ የዐቢይ ጾም በሽሮና በጎመን የገፉ ሰው ናቸው፤ አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከመንገዱ ማዶ የበግ ስብ ሽታ ሲቀበላቸው እርምጃቸው ፈጠን አለ። እቴቴ አየችና በሆዷ «ተመስገን» አለች።

ሐጂ አሕመድኑርና ሃሩን ቀድመው ደርሰው በመስኮቱ በኩል መብላት ጀምረዋል። ሐጂ ተነሡ፤ ሰላምታው ረዘመ፤ የአዝመራው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ነገር ተጠየቀ። ቄሱ ወደ ተዘጋጀላቸው ጠረጴዛ ሄደው ተቀመጡ። ጸደንያ በአዲሱ ቀሚሷ ከጎናቸው ሆነች።

ምንይችል ጥቅሉን ይዞ መጣ። ነጭ ሽርጥ አድርጓል፤ እሷ የሰፋችለት ነው። ጥቅሉን በቄሱ ፊት አኖረ፣ ቢላዋውን አነሣ፣ ወደ ክሩ ጎንበስ አለ። እንደዚያ ጎንበስ እንዳለ ደረቀ።

ቀና ብሎ ወደ አባቱ ጠረጴዛ ተመለከተ። ከዚያ ጥቅሉን እንደታሰረ አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ጠበቁ። የጓዳው በር ተዘግቷል። ሃሩን አጥንት ይግጣል፤ ሐጂ «ብሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላሉ። ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። ሲቆይ በሩ ተከፈተና ምንይችል ሰፊ የሸክላ ሳህን ይዞ ወጣ። ያመጣው በቲማቲምና በካሮት የተጋገረ አደንጓሬ ነበር። ዘይቱ ላዩ ላይ ይንተከተካል።

«ዛሬ ያለን ይኼ ነው፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ቄስ ኃይለኢየሱስ ሳህኑን አዩ። ወደ መስኮቱ ዞረው የሐጂን ሳህን አዩ። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዓለ ሃምሳ መሆኑን የነገረህ ሰው የለም?»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«ሥጋው የት ገባ?» አለች ጸደንያ።

«የለም።»

«አሁን እዚህ አስቀምጠኸው አልነበረም?»

«ጸዲ፣ እባክሽ።»

«እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የለም። እንደዚያ ነው?»

ምንይችል ዓይኑን እንኳ አላነሣላትም። ያን ጊዜ አንዲት እይታ ብትደርሳት ኖሮ፣ አንዲት ብቻ፣ የቀረውን ትታገሥ ነበር።

ቄሱ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ማዕዱን በመስቀላቸው ባረኩት፤ አደንጓሬም ቢሆን የእግዜር ነው። አንድ ፍሬ ግን አልቀመሱም። እቴቴ ጎንበስ ቀና ስትል፣ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ከሁሉም ኋላ ወጣች።

*

ነገሩ ሳይመሽ ከተማውን ዞረ። «ለሐጂ በግ፣ ለቄስ አደንጓሬ» አሉ የመናኸሪያ ረዳቶች እንደ ዘፈን። ያ ልጅ ወገኑን ዛሬ ለየ አሉ። ከሁሉ የገረመው ግን ምንይችል ያን ቀን ያበሰለውን ሥጋ ሁሉ በጀርባ በር አውጥቶ ለውሻ መጣሉ ነበር።

«የመካነ ሰላም ውሾች በዓለ ሃምሳን እኔ ሳላከብር አከበሩት» አሉ ቄስ ኃይለኢየሱስ፤ ሲናገሩት ግን አልሳቁም።

ጸደንያ ስልኩን ዘጋችበት። በሯ ላይ ሲቆም «ክር የለም» አለችው። ክር አልፈለግሁም ሲላት «እንግዲያው እኔ ምግብ አልሸጥም» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ማታ እራት ላይ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ «እሄዳለሁ» አለች።

«የት?» አለች እቴቴ፤ የት እንደሆነ እያወቀች።

«እናቴ ዘንድ። አባባን በሰው ፊት ያዋረደ ሰው በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ዚፕ አልቀይርም።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁጣ አውሮፕላን አያሳፍርም። ቆዪ እስቲ ይብረድልሽ።»

«አይበርድም።»

እቴቴ የልጅ ልጇን ፓስፖርት አንሥታ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ደግሞ ኀጢአት መሰላትና መልሳ አወጣችው። አውጥታም አልተወችውም፤ ጠዋት ጠዋት እዚያው መኖሩን ታያለች። አንዷን ልጄን ያ አሸዋ ዋጠብኝ፤ አሁን ደግሞ በአንድ ሳህን አደንጓሬ ሁለተኛዋን ላጣ ነው እያለች ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት ትመላለሳለች። መንገድ ላይ ምንይችልን ብታገኘው ልትረግመው ነበር። ስታገኘው ግን ከስቶ አየችውና እርግማኑ ጠፋባት።

በገበያ ቀን አንዲት በቅሎ በራቸው ላይ ቆመች። ሃሩን ልጓሙን ይዟል፤ ሐጂ አሕመድኑር ተደግፈው ወረዱ።

«ደኅና ዋላችሁ ቄሴ። ቤቱ ሰላም ነው?»

«ይመስገነው። ይግቡ» አሉ ቄሱ፤ ከመቀመጫቸው ግን እንደ ወትሮው ፈጥነው አልተነሡም። ጸደንያ ከጓዳው በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ሐጂ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ። የሻለም በሕይወት ሳለች፣ አንድ ቀን ከእርሻ ርቦኝ ገባሁ። ሳህን አቀረበችልኝ። እጄን ታጥቤ ቢስሚላህ ብዬ ልጎርስ ስል ሳህኑን ከፊቴ ነጥቃ ለውሻ ደፋችው። ለምን ብላት አፏን ዘጋች። ሳምንት አኮረፍኋት። አባቷ ዘንድ ልመልሳት አስቤ ነበር። ኩርፊያዬ ካለፈ በኋላ ነው የነገረችኝ። ድስቱ ተሳስቶባት ነበር።»

ሐጂ ወደ ጸደንያ መለስ ብለው አዩና ቀጠሉ።

«እሑድ ደግሞ ልጇ እንዲሁ አደረገ። ጥቁሩ ክር በሎሚውና በስቡ ቀለሙን ለቀቀ፤ ነጩ ደግሞ ጠቆረ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ሆነ። የእኔ የትኛው፣ የእርስዎ የትኛው፣ መለየት አቃተው። የእኔን ሲፈታ ነጩ በጭስ የጠቆረ መስሎት ነበር፤ የእርስዎን ሲያይ ግን እኔ መብላት ጀምሬአለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ፊት? ምናልባት የክርስቲያን ሥጋ በልተሃል ብሎ፣ በስተርጅናዬ፣ በሰው መሃል?» ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቴ መጥቶ እግሬ ሥር ተደፍቶ ነው የነገረኝ። ያላወቅሁትን አላህ አይጽፍብኝም አልሁት። ይኼ ሃሩን ግን ሊመታው ነበር።»

«አንድ ጥፊ ብቻ ነው ያልሁት» አለ ሃሩን ከበሩ።

«እና ቄሴ፣ ልጄ ንቆዎት አይደለም። እኔን ከሐፍረት፣ እርስዎን ከማያውቁት ሥጋ ሊያድን ነው ራሱን ያዋረደው። እናቱ እንዲህ አድርጋ አሳድጋዋለች። ከዚህ በኋላ እንደ ወደዱ።»

ቄስ ኃይለኢየሱስ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ክብሬ ተነካ ብዬ ነው እንጂ በሥጋው አልነበረም የተቆጣሁት።»

«በሥጋውም ነበር» አለች እቴቴ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ዝም እላለሁ። ግን እኔ ስወጣ ካደንጓሬው አንድ ማንኪያ ቀምሼ ነበር። ይጥማል።»

ሐጂ ሳቁ። ያ ረጅም የማያፍር ሳቅ ከማን እንደተወረሰ ጸደንያ ያን ጊዜ አወቀች። እሷ ግን አልሳቀችም። ሱቋ ድረስ በሩጫ ሄደች፤ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ጥቁር ክር አወረደች፤ ሎሚ ቆርጣ ጨመቀችበትና አሸችው። ጣቶቿ ጠቆሩ። ክሩ በእጇ ላይ የአመድ መልክ ሆነ።

*

ምንይችል ምድጃው ፊት አመድ ይጠርግ ነበር። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

«ክሩ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እሑድ ጎንበስ ስትል አውቀሃል።»

«አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«በርሽን ዘጋሽብኛ። ደግሞ ብነግርሽ የአያቴን ምሳ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልትይ ነው።»

«ልበል እንጂ! ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ለእኔ ስጠኝ። አባትህን ጠበቅህ፣ አያቴን ጠበቅህ፣ መልካም። እኔ ግን በጨርቅ ተጠቅልዬ የምቀመጥ እንቁላል አይደለሁም። ቀና ብለህ ብታየኝ ይበቃኝ ነበር። ኩዌት ልሄድ ነበር እኮ፣ ምንይችል።»

መጥረጊያውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቀላ። እሷ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«አንቺስ? ስንት ጊዜ ከእጄ በልተሻል? አንድ ቀን አሳፍሬሻለሁ? ምን ሆነህ ነው ብለሽ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቂኝ ነው የፈረድሽብኝ። የመናኸሪያ ረዳት ዘፈን ከእኔ ዝምታ በለጠብሽ። እኔስ ምን ልበል?»

ጸደንያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጠቅለያው ወረቀት አንዱን ጎተተች።

«ቅድም ለራሴ ያልሁትን ልንገርህ። ክር ቀለም ይለቃል። ቅርጽ ግን አይለቅም።» ወረቀቱን አጥፋ ባለ ሦስት ማዕዘን አደረገችው። «ይኼ የሃሩን።» ሌላውን አጥፋ አራት ማዕዘን አደረገችው። «ይኼ ያንተ። እሳት ቢበላው፣ ስብ ቢጠጣው፣ በዳሰሳ እንኳ ይለያል። ከእንግዲህ የማጥፈው እኔ ነኝ። ያው ነው አልልም።»

ምንይችል አራት ማዕዘኑን አንሥቶ አገላብጦ አየው። «አሁንም ተቆጥተሻል?»

«በጣም።»

«እኔም።»

እጁን ዘርግቶ የጠቆሩ ጣቶቿን ያዛቸው። አላስለቀቀችም።

*

ለኩዌት ያው ቀን ተደወለ። ከወዲያ ማዶ ያለችው እናት መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ በስተመጨረሻ ለሠርጉ እመጣለሁ አለች። እቴቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ይዛ ከወንበሩ ላይ ቀረች፤ አንዷን ላለመሸኘት ስትታገል ሌላዋ መምጣቷ ነው። ደግሞ መንገዱ ይከፈት ይሆን ብላ በማግስቱ መጨነቅ ጀመረች።

መንገዱ ተከፈተ። ሠርጉ በጥር ሆነ። እንደ አገሩ ልማድ ሁለት ዳስ ተጣለ፣ ሁለት ማረጃ ተዘጋጀ፤ በአንዱ ሃሩን ቢላዋውን ሳለ፣ በሌላው የሙሽራው ሚዜዎች። የበሬው ሥጋ ተትረፈረፈ፤ ከምድጃው ባለ ሦስትና ባለ አራት ማዕዘን ጥቅሎች እየወጡ በየወገናቸው ሄዱ። ሐጂ አሕመድኑር የራሳቸውን ጥቅል ከፍ አድርገው ማዕዘኑን በጣታቸው ቆጠሩና ለቄሱ አሳዩ።

ቄስ ኃይለኢየሱስ ግን ፊታቸው የቀረበውን ገፋ አደረጉት።

«ያን አደንጓሬ አምጡልኝ» አሉ።

«የቱን አደንጓሬ?» አለ አስተናጋጁ ግራ ገብቶት። «የፍስክ ቀን ነው እኮ፣ አባታችን።»

«ሙሽራው ያውቀዋል።»

ምንይችል ከሙሽራ ወንበሩ ተነሣ። እቴቴ «ሙሽራ እንዴት ከወንበሩ ይነሣል፣ ገደ ቢስ ነው» ብላ ልትይዘው ሞከረች፤ አመለጣት። አደንጓሬውን በዚያው የሸክላ ሳህን ይዞ ተመለሰና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ቄሱ ባረኩ፤ ቀመሱ። ደገሙ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ቅንድባቸው ተገናኘ።

«ምነው አባባ?» አለች ጸደንያ፣ ቬሏን ገፍታ። «አልጣመዎትም?»

«ጣፈጠኝ» አሉ ቄስ ኃይለኢየሱስ በቁጣ። «ያን ቀን ትቼው የሄድሁት ነው የሚያናድደኝ።»

ምንይችል ወደ ሙሽራዋ ዞረ። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከጎን የተቀመጠችውን ልጇን፣ ያቺን ከኩዌት የመጣችውን፣ በክርኗ ጎነጠቻት።

«ይኸው» አለች። «ያ ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው የተጨነቅሁት። ቁጣው የመጣው ከእኔ አይደለም።»